ጎንበስ ብለው ላነሡ እናት የቀረበ ውዳሴ

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ፓትርያርኩ በመንበራቸው፣ ጳጳሱ በሀገረ ስብከታቸው፣ ቄሱም በገጠሯ ደብር ወገባቸውን ታጥቀው ከምእመናን እግር ሥር ዝቅ ይላሉ። በተጸለየበት ውኃ፣ በወይራና በወይን ቅጠል የሽማግሌውንም የሕፃኑንም፣ የባለጸጋውንም የነዳዩንም እግር ያጥባሉ። ጌታ በዚያች ሌሊት ከማዕድ ተነሥቶ፣ ልብሱን አኑሮ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የዓሣ አጥማጆችን እግር ማጠቡን እያሰብን ቆመን እናያለን። ጴጥሮስ ደንግጦ እግሩን ሊሰበስብ መቃጣቱንም እናስባለን። የዘብዴዎስ ልጆች ከዙፋኑ ቀኝና ግራ ሊቀመጡ በለመኑ ጊዜ፣ የታላቅነት ደጅ የሚገኘው በአገልጋዮች መግቢያ በኩል እንደሆነ የተነገራቸውንም እናስታውሳለን።

ይህ ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን ይፈጸማል። ዛሬ የምናቀርበው ውዳሴ ግን ሕጽበቱን የዘወትር ሥራቸው አድርገው በአገራችን ስድሳ ዓመት ለኖሩ፣ በሩቅ ባሕር ማዶ ተወልደው በአዲስ አበባ ላረፉ፣ ለዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነው። ክብር ይገባቸዋል! ያጌጠ ቃል ሁሉ ቢደረደርላቸው አይበዛባቸውም። የቋንቋችን ሊቃውንት ለነገሥታት ድልና ለጀግኖች ግዳይ ያዋጧቸው የምስጋና ቃላት ዛሬ ከግምጃ ቤታቸው ይውጡ፤ ጎንበስ ብላ የሰው ልጅ ነውር ያለውን ለነካች እጅ ይዋሉ።

ውዳሴው ግን ከእሳቸው አይጀምርም። ከሴቶቹ ይጀምራል፤ የአገልጋይ ክብር የሚታወቀው ባገለገላቸው ሰዎች ነውና።

በአገራችን ምጥ የሴቶች ጉባኤ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ማርያም ማርያም ይባላል፣ የገንፎው ዱቄት ይነፋል፣ ቅቤው ይነጠራል። ልጅ ሲወለድ እልልታው ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ መንደር ይሻገራል። ለእናቲቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ይህን ቃል ያልሰማች ወላድ ግን አለች። አጥንቷ ገና ሳይጠና የተዳረች ልጅ ናት፤ ወይም ሰውነቷ ጠንክሮ ሳለ ሕፃኑ አልዞር ያላት ሴት ናት። ምጡ አንድ ቀን ያልፈዋል፣ ሁለት ቀን ያልፈዋል፣ ሦስትና አራት ይሆናል። ጤና ጣቢያው ከተራራው ማዶ ነው። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ አንሥተው ቢሮጡም መንገዱ ይቀድማቸዋል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የሕፃኑ ራስ በእሱና በዳሌዋ አጥንት መካከል ያለውን የፊኛዋንና የብልቷን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ የሞተውም ከቀናት በኋላ ሲረግፍ ቀዳዳ ይተዋል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አልባ ሆኖ ይወጣል። እናቲቱ ከሐዘኗ ቀና ስትል የተኛችበት ርሶ ታገኘዋለች፤ በማግሥቱም፣ በሳልስቱም፣ በዓመቱም አይደርቅም። ሐኪሞች ፌስቱላ ይሉታል። ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለ ፈቃድ ሌት ተቀን የሚፈስስበት ቁስል ነው።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቁስሉ ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር። ባል አልጋ ይለያል፤ ቀጥሎም ቤት ይለያል። እናትና አባት ከጓሮ ጎጆ ይቀልሱላታል። ከሰው መሐል መቀመጥ፣ ከለቅሶ ቤት መድረስ፣ ከደጀ ሰላም መቆም ያሳፍራታል። ሐኪም ፍለጋ አውቶቡስ ስትሳፈር ሰዉ አፍንጫውን ይዞ አውርዱልን ይላል። ልብሷ እንዳይርስ ብላ ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ያን ጊዜ ሽንቱ ይጠነክርና ገላዋን ይልጠዋል። ይቆምልኛል ብላ እግሯን ሰብስባ ወራትና ዓመታት ስትተኛ ጉልበቷ ተኮማትሮ መዘርጋት ይሳነዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዓለም ላይ ይህ የደረሰባት እሷ ብቻ እንደሆነች ማመኗ ነው። እርግማን ነው ይሏታል፤ እሷም ትቀበላለች።

ወደነዚህ ሴቶች የመጡትን ሰዎች እንዴት እናመስግን?

ካትሪን በጥር ወር 1916 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ተወለዱ። ከኒው ዚላንዱ ተወላጅ ከዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ጋር ተጋቡ። ሁለቱም የማኅፀንና የወሊድ ሐኪሞች ነበሩ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በአዲስ አበባ የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አነበቡ። ለሦስት ዓመት ተዋውለው በ1951 ዓ.ም. ትንሽ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የተመደቡበት ሆስፒታል የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስትሆን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ያረፈችውም በወሊድ ምክንያት ነው። የንጉሥ ልጅና ራሷ ነርስ የሆነች ሴት ከወሊድ ሞት ባላመለጠችበት አገር የደሀይቱ ልጅ ዕጣ ምን እንደነበር ያ ስም ብቻውን ይናገር ነበር። ሦስቱ ዓመት ለዶክተር ሬጂናልድ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ለዶክተር ካትሪንም ስድሳ ዓመት ሆነ።

ሲመጡ ፌስቱላን መጠገን አያውቁም ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ በሽታው የድሮ ታሪክ ሆኗልና አይተውት አያውቁም። ይህን ማለቴ ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፤ ከክብራቸው ዋናው ነው። የታወቁ ሐኪሞች ሳሉ ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። በወሊድና በማኅፀን ሕክምና ስሙ የተጠራውን የግብፁን ቅብጥ ፕሮፌሰር የናጊብ ማህፉዝን ትምህርት ፈለጉ፤ ታላቁ ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ስሙን የወረሰው ከእኚሁ አዋላጅ ሐኪም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ የጻፈውንም አጠኑ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የሲምስ ዕውቀት የተገኘው አላባማ ውስጥ በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ገላ ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ደጋግሞ በመቁረጥ ነበር። አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ የተባሉት ሴቶች ስማቸው ተመዝግቦ ቀርቷል። በጌታና በባሪያ መካከል የተወለደው ያ ጥበብ መቶ ዓመት አልፎት አዲስ አበባ ሲደርስ ተገለበጠ። ሐኪሞቹ አገልጋይ፣ ጥቁሯ ደሀ እመቤት ሆነች። ሕክምናው በነጻ፣ በማደንዘዣ፣ በክብር ተሰጠ። የእነዚያን የሦስቱን ሴቶች እንባ የሚክስ ነገር በምድር ላይ ካለ፣ ይህ አንዱ ይመስለኛል።

የሴቶቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ቤት አስፈለገ። በ1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከወንዝ ዳር ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ዙፋኑ ወደቀ፤ አብዮት መጣ፤ የውጭ ሰው እቃውን እየሸከፈ በቦሌ በኩል ወጣ። ሃምሊኖች ቀሩ። መንግሥት ሲለወጥም፣ ጥይት ሲጮህም ቀሩ። ስለ መቅረታቸው ብዙ ቃል አላበዛም፤ ማለዳ ተነሥተው ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ ሴቶቹ ሄዱ፤ በማግሥቱም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋርዱ እንግባ፤ የውዳሴው ልብ ያለው እዚያ ነውና። በሁለት ረድፍ በተዘረጉት አልጋዎች ላይ የሚታየው ብርድ ልብስ ባለ ብዙ ቀለም ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የክር ጥልፍልፍ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የተሰፉበት ነው። በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች ያሉ እናቶችና አያቶች በእጃቸው እየሠሩ ይልኩታል። ከጓሮ ጎጆ የወጣች ልጅ ማንነቷን በማያውቁ ሴቶች የእጅ ሥራ ተሸፍና ትተኛለች። ቀና ብላ ግራ ቀኟን ስታይ ያችም እንደሷ፣ ያችም እንደሷ ናት። እርግማኑ በዚያች ቅጽበት ግማሽ በግማሽ ይረግፋል፤ ሐኪም ገና አልነካትም።

ጥገናው በቀዶ ሕክምና ይከናወናል። ከዚያ በኋላ ቁስሉ እስኪጠግግ ሁለት ሳምንት ያህል ሽንቷ በቱቦ እንዲወርድ ይደረጋል። በእነዚያ ቀናት ትልቁ መድኃኒት ውኃ ነው፤ ቱቦው እንዳይደፈን አብዝታ መጠጣት አለባት። እስኪ አስቡት! ዓመት ሙሉ፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ልብሴ እንዳይርስ ብላ ጥማቷን ችላ የኖረች ሴት ነች። አሁን ራስጌዋ ውኃ ይቀመጥላታል፤ «ጠጪ፣ የኔ እናት፣ ጠጪ» እያለች ኩባያውን ወደ አፏ የምታስጠጋላት ሌላ ሴት ትቆማለች። ኩባያውን የያዘችው ነርስ ረዳት ራሷ ያን ጥማት ታውቀዋለች፤ ከዓመታት በፊት በዚያው ዋርድ ተኝታ ነበርና። ሆስፒታሉን ካቆሙት እጆች እጅግ ብዙዎቹ የቀድሞ ታካሚዎች እጆች ናቸው። አንሶላ የሚያነጥፉት፣ ገላ የሚያጥቡት፣ የተኮማተረ ጉልበት በዝግታ የሚያፍታቱት፣ መጤዋን በር ላይ አቅፈው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ወንጌሉ የሚያወራላት የቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ በአገራችን ሥጋ ለብሳ የታየችው በዚህ ዋርድ ነው ብል አላጋነንኩም።

ዶክተር ካትሪን በዚህ መሐል ምን ነበሩ? ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከዘጠና ካለፈም በኋላ ከኦፕሬሽን ክፍል አልቀሩም። ሴቶቹ የሚያስታውሷቸው ግን ከቢላው ይልቅ በአልጋው ጠርዝ ነው። ሰው ሁሉ የሸሸው ጠረን አላሸሻቸውም። ከአልጋዋ ዳር ቁጭ ብለው እጇን ይዘው ስሟን ይጠሯታል። ኦርቶዶክስ ትሁን እስላም፣ ጴንጤ ትሁን ዋቄፈታ፣ ከአፋር በረሃ ትምጣ ከሰሜን ተራራ ልዩነት አልነበረም። እሳቸው የአንግሊካን ክርስቲያን ነበሩ፤ እምነታቸውን አልደበቁም፤ የማንንም እንባ ግን ለእምነታቸው ዋጋ አላስከፈሉትም። እኔ የክርስትና መሪነት ጥርት ብሎ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ሰውን ለመውደድ ሌላ ምክንያት አልጠየቁም።

የመዳኗ ቀን ደግሞ አለ። ቱቦው ይወጣል፤ ሴቲቱ ጥቂት ትራመድና ወደ ኋላዋ ዞራ ወለሉን ታያለች። ደርቋል! ሌላ እርምጃ፤ አሁንም ደርቋል። እልል የሚሉት ጎረቤቶቿ፣ ከየአልጋው ቀና ያሉት እህቶቿ ናቸው። ወደ አገሯ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ያለብሷታል፤ የመሳፈሪያም ይሰጣታል። በዚያ ቀሚስ አውቶቡስ ላይ ወጥታ ከሰው መሐል ትቀመጣለች። በዚህ ዓይነት ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ቁጥሩን ስታነቡ እያንዳንዷን በአዲሱ ቀሚሷ ውስጥ እዩአት።

ከሁሉም በላይ ግን የአንዲቱን ሴት ነገር ሳልናገር ውዳሴዬ አይሞላም።

ማሚቱ ጋሼ ከሩቅ ገጠር የመጣች ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች። በመጀመሪያ እርግዝናዋ ለቀናት አምጣ፣ ልጇን አጥታ፣ ክፉኛ ተጎድታ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሰች። ሃምሊኖች ደጋግመው ጠገኗት፤ ጉዳቷ ግን በአንድ ጊዜ የሚድን አልነበረም። በዚያው ቆየች። ሥራ ፈት መሆንን አልወደደችምና አልጋ ታነጥፍ ጀመር። ከዚያ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ መሣሪያ ታቀብል ጀመር። ዶክተር ሬጂናልድ ዓይኗን አዩ፤ እጇንም አዩ። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ናት፤ ነገር ግን የሚደረገውን ሁሉ ልቅም አድርጋ በልቧ ትይዛለች። እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው እንዴት እንደሚሰፋ አሳዩአት። እንዲህ እንዲህ እያለች የተቀደደውን ገላ ራሷ ትጠግን ጀመር።

እዚህ ላይ ማንም ሐኪም ሊፈራ ይችል ነበር። ክብሬን ለማን እሰጣለሁ፣ ያልተማረች ሴት ቢላዬን ትይዛለች ወይ፣ ሰው ምን ይላል ማለት ይቻል ነበር። ሃምሊኖች ቢላውን ሰጡ። ለእኔ የታላቅነታቸው ጫፍ ይህ ነው። ጎንበስ ብሎ የወደቀን ማንሣት ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ቅዱሳን አድርገውታል። ያነሡትን ከራስ ጎን ማቆም፣ ከዚያም ከራስ በላይ ሲቆም ደስ መሰኘት ግን ከብዙ ደጋግ ሰዎች እንኳ የምናጣው ነው። ምጽዋት የሚሰጥ እጅ ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ መቅረት ይወድዳል። የሃምሊኖች እጅ ወደ ታች ወርዶ ሌላውን እጅ ወደ ላይ ገፋው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በፌስቱላ ቀዶ ጥገና ስማቸው የተጠራ ባለሙያ ሆኑ። ፊደል የቆጠሩት በማታ ትምህርት ነው፤ ቀን ቀን ዲግሪ ያላቸውን ሐኪሞች ያሠለጥኑ ነበር። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ስንል ለነቀፋ ነበር፤ በምጥ የተጎዳችው ልጅ ለሐኪሞች የምጥን ቁስል መጠገን ስታስተምር ግን ተረቱ ራሱ ተነሥቶ ሊሰግድ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ለሃምሊኖችና ለወይዘሮ ማሚቱ በአንድነት የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም 100 ሴቶች መካከል ቆጠራቸው። እኚህ ሴት ዶክተር ካትሪን ሲያረጁ እንደ ልጅ ሆነው ጦሯቸው። ታካሚና ሐኪም፣ አስተማሪና ተማሪ፣ እናትና ልጅ እየተፈራረቁ የተገለጋገሉበት እንዲህ ያለ ቤት በዘመናችን ስንት አለ?

ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተው ነበር፤ ወደ አገራቸው ቢመለሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ሠራተኞቻቸው ግን አይሂዱብን፣ እንረዳዎታለን ብለው ለመኗቸው፤ እሳቸውም ቀሩ። መሪን የደገፉት የተመሩት ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከፊተኞቹ የሚያንሱ አልነበሩም። ሴቶቹ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተታቸው እንዲቀር በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከሎች ተከፈቱ። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን፣ ኢትዮጵያውያን አስተዳዳሪዎች ቤቱን ተረከቡ።

ስለ ሽልማቶቻቸው ባጭሩ ልለፍ። አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2009 ተቀብለዋል፤ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭተዋል፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጥቷቸዋል። ሁሉም የተገባ ነው። እንደ እኔ ግን ከሜዳሊያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ስም ሴቶቹ የሰጧቸው ነው። እማዬ ብለው ጠሯቸው። የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ በዚህ ስም የጠሯቸው ግን ሊቆጠሩ አይችሉም። እኔም ከእነሱ ተበድሬ በዚሁ ስም ልጥራዎትና፣ እንደ ልጅ አንቺ ልበልሽ።

እማዬ ሆይ፣ ሰው ፊቱን ያዞረበትን ፊት ለፊት ያየሽ፣ ሰው አፍንጫውን የያዘበትን አቅፈሽ የሳምሽ፣ ምስጋና ላንቺ ይሁን! ሰባኪ ሳትባዪ በማበሻ ጨርቅና በመርፌ የሰበክሽ፣ መነኩሲት ሳትባዪ የሴቶች ገዳም ያቀናሽ፣ ምስጋና ላንቺ ይሁን! እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት ላጣች ሴት የዘገየውን ምሕረት ያደረስሽ፣ ገንፎ ላልተገነፋላት ወላድ የአራስነት ወጓን የመለስሽ፣ ምስጋና ላንቺ ይሁን! ሊድን ያልቻለ ቁስል ሲገጥምሽም ሴቲቱን ደህና ሁኚ ብለሽ አላሰናበትሻትም። ጥገናው ሙሉ ለሙሉ ላልሠመረላቸው ሴቶች በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤትና አትክልት፣ ሥራና ጎረቤት ያለበት መንደር ቆረቆርሽ፤ ስሙንም ደስታ መንደር አልሽው። የዳኑትን ማመስገን ቀላል ነው። ያልዳኑትን ከነቁስላቸው ደስታ ይገባቸዋል ብሎ ማመን ያንቺ ነው፤ በውዳሴሽ ላይ ይህ በወርቅ ቀለም ይጻፍ።

ቅናት የሚባለው መንፈስ አንቺ ዘንድ መንገድ ጠፋው። ሌላው ሲያድግ አልጨነቀሽም። ቦታሽን ለመያዝ የተነሣውን እጁን ይዘሽ አሠለጠንሽው። የመንበርና የማዕረግ ፍልሚያ በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ሳይቀር በሚሰማበት ዘመን፣ ሥልጣን የሚለው ቃል ባንቺ እጅ ውስጥ አንሶላ ማንጠፍ ሆነ፣ ውኃ ማቅረብ ሆነ፣ ቢላን ለተተኪ ማቀበል ሆነ። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመትሽ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከወደድሽው ሕዝብ መካከል ዐረፍሽ። ዓለም በወረርሽኝ ፍርሃት ደጁን መዝጋት በጀመረባቸው ቀናት ነበርና እንደ ክብርሽ በአደባባይ ወጥተን አልቀበርንሽም። ያ ዕዳ አለብን። ይህ ውዳሴ ካለብን ዕዳ ጥቂቱ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እሱም ያንቺው ቃል ነው። ፌስቱላን ማጥፋት በዕድሜሽ እንደማይደርስልሽ፣ በእኛ ዕድሜ ግን ሊሆን እንደሚችል ትናገሪ ነበር። ቁስሉን መጠገን ብቻ እንደማይበቃ ታውቂ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ አቋቋምሽ። ከገጠር የመጡ ልጆች በነጻ ይማሩበታል፤ ተመርቀውም ወደ መጡበት አካባቢ ይመለሳሉ። ላንሴት ላይ የተነበበው ያ የጥንት ማስታወቂያ የጠየቀው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ በዚህ መልክ ተፈጸመ።

እንግዲህ የውዳሴው ቀሪ ለእናንተ ነው፣ እናንተ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ያላችሁ አዋላጆች። ስማችሁ በጋዜጣ አይወጣም። መብራት በጠፋበት ሌሊት በባትሪ ብርሃን ምጥ የምትቆጥሩ፣ ምጡ ሲረዝም ሰዓቱን መዝግባችሁ አምቡላንስ የምትጠሩ፣ አማትና ባል አይሆንም ሲሉ በትሕትናም በቁጣም የምታስረዱ እናንተ ናችሁ። በሰዓቱ ሪፈር የጻፋችሁላት ሴት ፌስቱላ የሚባለውን ስም ሳትሰማ ትኖራለች፤ ከምን እንዳዳናችኋትም ስለማታውቅ አታመሰግናችሁም። እኛ እናውቃለንና እናመሰግናችኋለን። የእማዬን ኩባያ ተቀብላችኋል፤ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ደመወዛችሁ በጊዜው ይድረሳችሁ፣ መድኃኒቱና ጓንቱ አይጉደልባችሁ፣ መንገዱ ይሠራላችሁ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ አያጣ። ያዋለዳችኋቸው እናቶች ሁሉ፣ አንዲትም ሳትቀር፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባሉ።